መስመሩ ያልያዛቸው ዓመታት

ምሕረት በኢኮኖሚክስ የማስተርስ ጥናቷን እያገባደደች ነው። ጥናቷ የዓለም ገበያ ዋጋና የብር ምንዛሪ ተመን ወደ ውጭ በሚላከው የኢትዮጵያ ቡና መጠን ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ይመለከታል፤ መረጃዋ ከ1966 እስከ 2001 ዓ.ም. የ36 ዓመት ነው። ጋሽ ይልማ የአባቷ ጓደኛ ናቸው፤ ስታትስቲክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስለ ውጭ አገር ጥናቶች ሲነሣ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምሕረት፦ ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው። አር ስኩዌሩ ከፍተኛ ነው፣ የምንዛሪ ተመኑ ቲ አራት ገብቷል፣ ምልክቱም ቲዎሪው እንደሚለው ነው። ያስቸገረኝ ደርቢን ዋትሰን ብቻ ነው፤ አንድ እንኳ አይሞላም። አማካሪዬ “አውቶኮሪሌሽን አለበት፣ አስተካክለሽ ነይ” አሉኝ። ሶፍትዌሩ አንድ ትእዛዝ ከተጨመረለት በራሱ ያስተካክለዋል ይባላል። የትኛውን ትእዛዝ ልጠቀም?

ጋሽ ይልማ፦ ከማስተካከላችን በፊት ምን እንደተበላሸ እንወቅ። ያቺ ቁጥር ከምን እንደምትወጣ ታውቂያለሽ?

ምሕረት፦ ሁለት አካባቢ ከሆነች ደኅና ነው፤ ወደ ዜሮ ከወረደች ፖዘቲቭ፣ ወደ አራት ከወጣች ኔጋቲቭ አውቶኮሪሌሽን አለ ማለት ነው።

ጋሽ ይልማ፦ እሱ አነባበቧ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ አሠራሯን ነው። እስቲ ወረቀት አውጪ። ሪግሬሽንሽ ለየዓመቱ አንድ ግምት ይሰጣል፤ የዓመቱ እውነተኛ ቁጥር ከግምቱ የሚለይበት መጠን የዚያ ዓመት ቅሪት ነው። ስድስት ዓመት ብቻ እንውሰድ፤ ቅሪቶቹ በተርታ 3፣ 2፣ 1፣ −1፣ −2፣ −3 ይሁኑ። እያንዳንዱን በራሱ አባዢና ደምሪ።

ምሕረት፦ 9፣ 4፣ 1፣ 1፣ 4፣ 9። ድምሩ 28።

ጋሽ ይልማ፦ አሁን እያንዳንዱ ከቀደመው ዓመት በስንት እንደሚለይ አውጪና ልዩነቱን በራሱ አባዢ።

ምሕረት፦ ልዩነቶቹ 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1 ናቸው። በራሳቸው ሲባዙ 1፣ 1፣ 4፣ 1፣ 1፤ ድምሩ 8። ይኼ ለ28 ሲካፈል 0.29 ገደማ።

ጋሽ ይልማ፦ ደርቢን ዋትሰን ይኼው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አሁን እነዚያኑ ስድስት ቁጥሮች ሳንነካ ተርታቸውን ብቻ እንለውጠው፦ 3፣ −2፣ 1፣ −1፣ 2፣ −3።

ምሕረት፦ ልዩነቶቹ 5፣ 3፣ 2፣ 3፣ 5። ሲባዙ 25፣ 9፣ 4፣ 9፣ 25፤ ድምሩ 72። ለ28 ሲካፈል 2.57።

ጋሽ ይልማ፦ 28ቱ ተለወጠ?

ምሕረት፦ አልተለወጠም።

ጋሽ ይልማ፦ አር ስኩዌር የሚያውቀው 28ቱን ብቻ ነው። ቅሪቶቹ ተሰልፈው ይምጡ ተበታትነው ይምጡ ለእሱ አንድ ነው። በመጀመሪያው ተርታ ግን አምና ከግምት በላይ የነበረ ዘንድሮም በላይ ነው፤ አንዴ ወደ ታች ከወረደ በኋላም እዚያው ቆይቷል። ይህን የሚያይልሽ ተርታውን የሚጠይቅ መለኪያ ብቻ ነው። ረጅም ተርታ ሲሆን ቁጥሯ ከሁለት ላይ የዝምድናው እጥፍ ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር ትቀራረባለች። ስለዚህ ያንቺ ከአንድ በታች ከሆነች የዘንድሮ ቅሪት ከአምናው ጋር ያለው ዝምድና ከ0.5 በላይ ነው።

ምሕረት፦ መማሪያ መጽሐፉ ግን አውቶኮሪሌሽን ኮኤፊሸንቱን ባያስድ አያደርገውም ይላል። ኮኤፊሸንቱ ደኅና ከሆነ ይኼን ያህል ምን ያስጨንቃል?

ጋሽ ይልማ፦ መጽሐፉ “ኤክሶቹ፣ ማለትም አስረጂዎቹ ተለዋዋጮች፣ ከስህተቱ ጋር ካልተነካኩ” ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ያቺን ዐረፍተ ነገር ሁሉም ሰው ይዘላታል። እመለስባታለሁ። ለጊዜው ኮኤፊሸንቱ ደኅና ነው እንበል። ቲ የሚገኘው ኮኤፊሸንቱ ለስታንዳርድ ኤረሩ ሲካፈል ነው፤ ስታንዳርድ ኤረሩ ደግሞ የተሠላው እያንዳንዱ ዓመት ራሱን የቻለ ምስክር ነው ተብሎ ነው። ፍርድ ቤት 36 ምስክር ብታቆሚ፣ ግን እያንዳንዱ ነገሩን የሰማው ከፊቱ ከቆመው ሰው ከሆነ፣ ዳኛው 36 ብሎ አይቆጥርልሽም።

ምሕረት፦ ስንት ብሎ ይቆጥርልኛል?

ጋሽ ይልማ፦ የምትፈልጊው አማካይ ብቻ ቢሆን ስሌቱ ቀላል ነው። ዝምድናው 0.5 ሲሆን የአማካዩ ቫሪያንስ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ 36 ዓመትሽ የ12 ዓመት ያህል ብቻ ይመሰክራል። 0.8 ሲሆን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይሄዳል፤ 36ቱ ወደ አራት ይወርዳል። በሪግሬሽን ደግሞ የኤክሱም የራሱ ተከታታይ ዝምድና ይገባበታል። የስህተቱም የኤክሱም 0.8 ቢሆን ቫሪያንሱ አራት ተኩል እጥፍ ያህል፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን ነበረበት። እንግዲህ አራት ያልሽውን ቲ ለዚያ አካፍዪው።

ምሕረት፦ ከሁለት በታች ይወርዳል። የሲግኒፊካንስ ኮከቦቼ በሙሉ ሄዱ ማለት ነው።

ጋሽ ይልማ፦ ይኼ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያስፈራ አይደለም። ማሪያን በርትራንድ፣ ኤስተር ዱፍሎና ሰንዲል ሙላይናታን በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ1979 እስከ 1999 ያለውን የአሜሪካ ሴቶች የደመወዝ መረጃ ወሰዱ፤ ከዚያ ክፍለ ግዛቶችን በዕጣ፣ ዓመቱንም በዕጣ እያወጡ “እዚህ በዚህ ዓመት ሕግ ወጥቷል” አሉ። ሕጉ የለም፤ የፈጠራ ነው። በተለመደው ዘዴ ሲሠሩት በስህተት “ውጤት አለው” መባል የነበረበት ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ነበር። እስከ 45 ጊዜ ደረሰ።

ምሕረት፦ ያልወጣ ሕግ ደመወዝ ለወጠ?

ጋሽ ይልማ፦ ሰንጠረዡ እንደዚያ ነው ያለው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በታወቁ መጽሔቶች የወጡ የዚህ ዓይነት ጥናቶችን ሲገመግሙ ችግሩ ሊያገኛቸው ከሚችል 65 ጽሑፎች መላ የፈለጉለት አምስት ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለ ደመወዝ ወለል፣ ስለ ጤና መድን ሲወሰን ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው እንዲህ ያለ ጥናት ነው። ያንቺም ነገ ምንዛሪ ላይ የሚወስን ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው “አስተካክለሽ ነይ” የሚለውን ቃል የማልወደው።

ምሕረት፦ እንግዲያ ነገሩ የቅርብ ጊዜ ግኝት ነው?

ጋሽ ይልማ፦ የለም፣ መቶ ዓመት አካባቢ ሆኖታል። ኡድኒ ዩል በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝና ዌልስ ከተፈጸሙት ጋብቻዎች በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙትን ድርሻ ከሞት መጠን ጋር አስተያየ። ዝምድናው 0.95 ሆነ። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት ዓመት በዓመት ይወርዱ ነበር፣ ሌላ የሚያገናኛቸው የለም። ከዚያ በ1974 ክላይቭ ግሬንጀርና ፖል ኒውቦልድ በኮምፒዩተር ሞከሩት፤ እርስ በርስ ፈጽሞ የማይገናኙ፣ እያንዳንዱ አምና ከቆመበት ተነሥቶ በዘፈቀደ የሚራመድ ሁለት ተርታ እየፈጠሩ አንዱን በሌላው አስረዱ። ከአራት ሙከራ በሦስቱ ያህል ቲ “ግንኙነት አለ” አለ። ደርቢን ዋትሰን ግን ዝቅ ብሎ ይጮኽ ነበር። አር ስኩዌር ከደርቢን ዋትሰን ከበለጠ ተጠራጠሩ የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው። ያንቺስ?

ምሕረት፦ ይበልጣል።

ጋሽ ይልማ፦ እንግዲያው አር ስኩዌርሽን ለጊዜው እንርሳው።

ምሕረት፦ እሺ። ግን ደርቢንና ዋትሰን ይኼን ያህል ቀላል ቁጥር አስልተው ነው ስማቸው የቀረው?

ጋሽ ይልማ፦ ቁጥሩማ የእነሱ አይደለም፤ ፎን ኖይማን በ1941 የመሰለውን አዘጋጅቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካምብሪጅ ውስጥ ሪቻርድ ስቶን የሚመራው የተግባራዊ ኢኮኖሚክስ ክፍል ነበር። አውስትራሊያዊው ኮክረንና አሜሪካዊው ኦርከት እዚያ ሠርተው በ1949 የኢኮኖሚ ተርታዎች ስህተት በአብዛኛው ተያያዥ እንደሚሆን ጻፉ። ጄምስ ደርቢንና ጄፍሪ ዋትሰንም ከዚያው ክፍል ናቸው። ያጋጠማቸው ፈተና ይኼ ነው፦ እኛ የምናየው ቅሪቱን ነው፣ ስህተቱን አይደለም። ቅሪቱ በኤክሶቹ ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ ስህተቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የቅሪቱ ተርታ የኤክሶቹን ጠባይ ይወርሳል። ስለዚህ የቁጥሩ ስርጭት በየመረጃው ይለያያል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሠንጠረዥ ማተም አይቻልም።

ምሕረት፦ መጽሐፌ ጀርባ ላይ ግን ሠንጠረዥ አለ። ዲኤል እና ዲዩ የሚባሉ ሁለት ዓምዶች አሉት።

ጋሽ ይልማ፦ በ1950 እና በ1951 ያሳተሙት እሱን ነው። ትክክለኛውን ወሰን ማግኘት ካልተቻለ፣ ኤክሶቹ ምንም ይሁኑ ምን እውነተኛው ወሰን የማይወጣባቸውን ሁለት ጫፎች አገኙ። ለ30 ዓመትና ለሦስት ኤክስ፣ በአምስት በመቶ፣ ጫፎቹ 1.21 እና 1.65 ናቸው። ከታችኛው ካነሰ ፖዘቲቭ ዝምድና አለ፤ ከላይኛው ከበለጠ ማስረጃ የለም፤ መካከል ላይ ከወደቀ ፈተናው “አልወሰንኩም” ይላል። መረጃው 15 ዓመት፣ ኤክሶቹ አምስት ከሆኑ መካከሉ ከ0.56 እስከ 2.21 ይዘረጋል፤ ሜዳው በሙሉ ማለት ይቻላል። እኔ ይኼን ሥራ የምወድደው ለዚህ ነው። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ሠንጠረዣቸው ላይ የማይታወቀውን ክልል ከነድንበሩ አትመው አወጡት። ዛሬ ሶፍትዌር ለራስሽ መረጃ ትክክለኛውን ፒ ቫልዩ ሊያሰላልሽ ይችላል፤ የድሮው ሠንጠረዥ ግን አሁንም ይነበባል።

ምሕረት፦ አንድ ነገር ልንገርዎት? ዛሬ ጠዋት የአምናውን ኤክስፖርት እንደ አንድ ኤክስ ጨመርኩበት። ደርቢን ዋትሰን ወዲያው ወደ ሁለት ተጠጋ። በዚሁ ላቁም ብዬ ነበር።

ጋሽ ይልማ፦ እንኳን አላቆምሽ። የዘገየ ዋይ ሲገባ ያ ቁጥር በራሱ ወደ ሁለት ይሳባል፤ ኔርላቭና ዋሊስ በ1966 ያሳዩት ይኼን ነው። ዝምድናው እያለ የለም ይልሻል። ይባስ ብሎ፣ መጽሐፉ “ባያስ የለም” ያለው እዚህ ላይ ይፈርሳል። የዘንድሮ ስህተት ከአምናው ከተያያዘ፣ የአምናው ኤክስፖርት ውስጥ ደግሞ የአምናው ስህተት አለበት፤ ኤክስሽ ከስህተቱ ጋር ተነካካ ማለት ነው። የዘለሏት ዐረፍተ ነገር ይቺ ነበረች። አሁን የተበላሸው ስታንዳርድ ኤረሩ ብቻ አይደለም፣ ኮኤፊሸንቱ ራሱ ነው።

ምሕረት፦ ታዲያ በምን ልፈትነው?

ጋሽ ይልማ፦ ደርቢን ራሱ በ1970 ለዚሁ ጉዳይ ኤች የሚባል ፈተና አወጣ፤ ሥራው ውስጥ ስኩዌር ሩት ስላለ አንዳንድ መረጃ ላይ ከሩቱ ሥር ኔጋቲቭ ቁጥር ይመጣና አይሰላም። አሁን ሰው ሁሉ የሚጠቀመው በ1978 ትሬቨር ብሩሽና ሌስሊ ጎድፍሬይ ለየብቻ ያሳተሙትን ነው። አሠራሩን ልንገርሽ፣ አንድ ጊዜ በእጅሽ ሥሪው። የሪግሬሽኑን ቅሪት አውጪ። ያንን ቅሪት ዋይ አድርጊው። ኤክስ የምታደርጊው የመጀመሪያዎቹን ኤክሶች በሙሉ፣ የአምናውን ኤክስፖርት ጭምር፣ በዚያ ላይ የአምናንና የካቻምናን ቅሪት ነው። የዚህን ሪግሬሽን አር ስኩዌር በዓመታቱ ብዛት አባዢ። ሁለት ላግ ስለተጠቀምሽ ውጤቱን ከካይ ስኩዌር 5.99 ጋር ታስተያይዋለሽ፤ ከበለጠ “ዝምድና የለም” የሚለው መላምት በአምስት በመቶ ይወድቃል። መረጃሽ አጭር ስለሆነ የኤፍ መልኩን ምረጪ፣ እሱ በትንሽ መረጃ ላይ የተሻለ ይቆማል።

ምሕረት፦ የድሮዎቹን ኤክሶች እንደገና ማስገባቱ ለምን አስፈለገ? ቅሪቱ ከእነሱ ጋር ዝምድና የለውም፣ ሪግሬሽኑ ራሱ እንደዚያ አድርጎ ነው ያወጣው።

ጋሽ ይልማ፦ ቅሪቱ ከእነሱ ጋር የለውም፤ የአምናው ቅሪት ግን ሊኖረው ይችላል። በተለይ ከዘገየው ዋይ ጋር። እነሱን ትተሽ ቅሪትን በቅሪት ብቻ ካስረዳሽ ያው የደርቢን ዋትሰን ስህተት ውስጥ ተመልሰሽ ትገቢያለሽ። ተማሪዎች ይኼን ሲያሳጥሩት ብዙ አይቻለሁ።

ምሕረት፦ ሁለት ላግ ያሉኝ ለምንድን ነው? አንድ አይበቃም?

ጋሽ ይልማ፦ ላጉን የሚመርጥልሽ መረጃው የመጣበት ነገር ነው። የጤፍን ዋጋ በየወሩ ይዘሽ ብትመጪ 12 እልሽ ነበር። በክረምት ይወደዳል፣ እህሉ ገበያ ሲገባ ይረክሳል፤ የዘንድሮ ነሐሴ የሚመስለው ሐምሌን ብቻ አይደለም፣ ያለፈውን ነሐሴም ነው። ደርቢን ዋትሰን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ ስለሚያይ ያንን ላያይ ይችላል። የሩብ ዓመት መረጃ ሲሆን አራተኛውን ላግ እንዲፈትን ኬኔዝ ዋሊስ በ1972 ለብቻው አዘጋጅቶለታል። የቤተሰብ ጥናት ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ያትመዋል እንጂ ቤተሰቦቹ የተጻፉበት ቅደም ተከተል ትርጉም ከሌለው ቁጥሩም የለውም። ያንቺ ግን ቡና ነው። አረቢካ አንድ ዓመት በብዛት ካፈራ በሚቀጥለው ያርፋል፣ በተለይ ጥላ በሌለው ማሳ። ያ ከአምና ጋር ኔጋቲቭ፣ ከካቻምና ጋር ፖዘቲቭ ዝምድና ይሰጣል። ቀስ ብሎ ከሚለወጥ ነገር የሚመጣ ፖዘቲቭ ዝምድና ሲደረብበት በአንደኛው ላግ ላይ ሁለቱ ሊጣፉ ይችላሉ።

ምሕረት፦ እሺ፣ ፈተናው ወደቀ እንበል። ከዚያስ? ኮክረንና ኦርከት የማረሚያ ዘዴ አላቸው፣ ሶፍትዌሩ ያለው ትእዛዝም እሱ ነው።

ጋሽ ይልማ፦ ዘዴው ከዘንድሮው ቁጥር የአምናውን የተወሰነ ክፍል እየቀነሰ ሪግሬሽኑን እንደገና ይሠራል። ይሠራል፤ ግን ሳይነግርሽ አንድ ነገር ያስፈርምሻል። ነገሩን ዘርዝረሽ ብትጽፊው የዘንድሮው ኤክስፖርት በአምናው ኤክስፖርት፣ በዘንድሮው ዋጋና በአምናው ዋጋ የሚገለጽ ሪግሬሽን ነው፤ የአምናው ዋጋ ኮኤፊሸንት ግን በነጻ አይገመትም። የሌሎቹ የሁለቱ ብዜት ተወስዶ ምልክቱ ይገለበጣል። የዘንድሮው ዋጋ 0.5፣ የአምናው ኤክስፖርት 0.6 ከሆነ የአምናው ዋጋ የግድ −0.3 ነው።

ምሕረት፦ ለምን የግድ?

ጋሽ ይልማ፦ “ዝምድናው ያለው በስህተቱ ውስጥ ብቻ ነው፣ እኔ የረሳሁት ነገር የለም” ብለሽ ስለፈረምሽ። ዴኒስ ሳርጋን በ1964 ይኼን አንቀጽ ገልጦ አሳየ፤ ሊፈተን እንደሚችልም አሳየ። ብዙ ሰው አይፈትነውም። ግራሃም ሚዞን በ1995 አውቶኮሪሌሽንን እንዲህ የሚያርሙትን ሰዎች ርዕሱ ላይ ራሱ “አታርሙ” የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። አሁን ቡናሽን አስቢ። ዋጋ ሲጨምር ገበሬው ችግኝ ይተክላል፤ ዛፉ ለፍሬ እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። በፈረንጆች ጁላይ 1975 የብራዚል ቡና በውርጭ ተመትቶ የዓለም ዋጋ ሲሰቀል፣ የዚያ ዋጋ ውጤት ማሳ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የቆየው ዋጋ ኤክስፖርቱን ሊጨምር ሲገባው ትእዛዙ ምልክቱን ገልብጦ ያስገባልሻል።

ምሕረት፦ ኒዊ ዌስትስ? እሱ እንኳ ኮኤፊሸንቱን አይነካም፣ ስታንዳርድ ኤረሩን ብቻ ነው የሚያሰፋው።

ጋሽ ይልማ፦ የ1987ቱ የኒዊና የዌስት ዘዴ ጥሩ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ሁለት ነገር ግን አትርሺ። ረጅም መረጃ ይፈልጋል፤ በ36 ዓመት ላይ ብዙ ጊዜ ሳይበቃ ጥቂት ብቻ አስፍቶ ይተወዋል። ኮኤፊሸንቱ የተሳሳተ ጥያቄ መልስ ከሆነ ደግሞ ለተሳሳተው መልስ ሰፋ ያለ ዳር ብቻ ነው የሚሰጥሽ። የቅሪቶቹን ሥዕል አሳዪኝ።

ምሕረት፦ ይኸው። በደርግ መጨረሻ ያሉት ዓመታት በተከታታይ ከመስመሩ በታች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ረጅም ጊዜ ከላይ ቆይተዋል።

ጋሽ ይልማ፦ እነዚያን ዓመታት በስማቸው ጥሪያቸው። ምን ነበረባቸው?

ምሕረት፦ ጦርነት ነበር። ቡና በመንግሥት የግብይት ድርጅት በኩል ነበር በአብዛኛው የሚያልፈው፤ ገበሬው እጅ የሚደርሰው ዋጋ ከዓለም ዋጋ በጣም ያነሰ ነበር። በኮንትሮባንድ የሚወጣም ነበር። እኔ ያስገባሁት ግን የዓለምን ዋጋ ነው።

ጋሽ ይልማ፦ ገበሬው ያላየውን ዋጋ። በ1983 መንግሥት ተለወጠ፤ ከዚያ የግል ላኪዎች ገቡ። ምንዛሪውስ?

ምሕረት፦ በመስከረም 1985 ከ2.07 ወደ 5 ብር ተለወጠ። ከዚያ በፊት ከ1966 እስከ 1984 ድረስ 2.07 ላይ ቆሞ... ጋሼ፣ ከ36ቱ ዓመት 19ኙ ላይ ተመኑ አንድ ነው።

ጋሽ ይልማ፦ እህ?

ምሕረት፦ እንግዲህ ኮኤፊሸንቴ በአብዛኛው የሚያወዳድረው ከ1985 በፊት ያለውን ዘመን ከኋላው ጋር ነው። በዚያው ሁለት ዓመት ውስጥ ጦርነቱ አበቃ፣ ግብይቱ ተከፈተ፣ ተመኑ ተለወጠ። ሪግሬሽኑ ሦስቱንም ለምንዛሪው ሰጥቶታል። ቲ አራት የገባው ከየዘመኑ ያሉትን ዓመታት እያንዳንዳቸውን እንደ አዲስ ማስረጃ ስለቆጠራቸው ነው።

ጋሽ ይልማ፦ ደርቢን ዋትሰን ሲነግርሽ የነበረው ይኼንን ነው። በትእዛዙ ብታርሚው ኖሮ ቁጥሩ ሁለት ይሆን ነበር፣ ይኼን ግን አትናገሪም ነበር።

ምሕረት፦ እንዴት ልለያቸው?

ጋሽ ይልማ፦ በሙሉ መለየት ላትችዪ ትችያለሽ። የዓለምን ዋጋ ትተሽ ገበሬው የተከፈለውን ዋጋ ፈልጊ። የሦስትና የአራት ዓመት የዘገየ ዋጋ አስገቢ፤ 36 ዓመት ብዙ ኤክስ ስለማይሸከም ቆጥበሽ አስገቢ። ለግብይቱ መከፈት ዳሚ፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሚል ተለዋዋጭ፣ ስጪ። ለዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታም እንዲሁ፤ ኮታ እያለ ዋጋ ቢጨምርም ከኮታው በላይ ለአባል አገሮች መሸጥ አይቻልም ነበር። ከዚያ ብሩሽ ጎድፍሬይን እንደገና አስኪጂ። ቢያልፍም “ዝምድና የለም” ብለሽ አትጻፊ፤ በዚህ አጭር መረጃ ፈተናው ደካማ ነው፣ “አልተገኘም” ብለሽ ጻፊ።

ምሕረት፦ ይኼን ሁሉ አድርጌ የምንዛሪው ውጤት ቢጠፋስ? የጥናቴ ርዕስ እኮ እሱ ነው።

ጋሽ ይልማ፦ መጥፋቱን ከነምክንያቱ ጻፊው። የመጀመሪያውንም ሰንጠረዥ አትሰውሪ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ፈታኝ ሆኜ ብቀመጥ የመጀመሪያው ለምን እንዳሳሳተ ያስረዳችኝን ልጅ ነበር የማሳልፈው።

ምሕረት፦ የኮታው ዳሚ ላይ ይርዱኝ። መረጃዬ በበጀት ዓመት ነው። ኮታው በፈረንጆች ጁላይ 1989 ቆመ ይላል ያነበብኩት።

ጋሽ ይልማ፦ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ያዢው፣ መጥቶ የሄደ ነገር ነው። በኦክቶበር 1980 ተመለሰ፤ በእኛ 1973 መጀመሪያ ነው፣ ስለዚህ 1973 በጀት ዓመት በከፊል፣ ከ1974 ጀምሮ ሙሉ አንድ። በፌብሩዋሪ 1986 ታገደ፤ እሱ 1978 በጀት ዓመት ከተጋመሰ በኋላ ነው።

ምሕረት፦ 1979 ዜሮ ይሆናል ማለት ነው?

ጋሽ ይልማ፦ ዜሮ። በኦክቶበር 1987 እንደገና ተመለሰ፣ የእኛ 1980 ነው። 1981 ሙሉ አንድ። በጁላይ 1989 የቆመው የእኛ በጀት ዓመት ሊለወጥ ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ ከ1982 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዜሮ።

ምሕረት፦ 1973ን፣ 1978ን እና 1980ን በወራት ቁጥር ክፍልፋይ ልስጣቸው?

ጋሽ ይልማ፦ እንደዚያ አድርጊ። የምንዛሪውንም ለ1985 የዓመቱን አማካይ ውሰጂ፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ከመስከረምም የሚበዛው ቀን፣ ያለፉት በ2.07 ነው።